ዋግሹም ጎበዜና የጥይት ነገር

ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ ሰው የአጼ ተክለ ጊዮርጊስን ስም ሳይሰማ አያድግም። እኔም የሰማሁት ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። የነገሩኝ አያቴ ናቸው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ጥይት ሲሞሉ። በዚህ ምክንያት የእኚህ ንጉሥ ታሪክና የጥይት አሞላል በእኔ አእምሮ ውስጥ ተለያይተው አያውቁም። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት በአጭሩ ለማቅረብ፣ ከዚያም እኛ የዋግ ልጆች ስለ ሽንፈታቸው የምንሰጠው ምክንያት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ።

አያቴ ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳዮቹ የግራ ጠመንጃ ስም የመጣ ነው። ጥይቱ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ሲሆን ቀለሁም ናስ ስለሆነ በእጅ መልሶ መሙላት ይቻላል። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ስለቆየ አያቴ የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም ነበር። ጠርገው፣ ቂጡ ላይ ያለችውን የተመታች ቆብ ቀይረው፣ ባሩዱን በአንዲት ትንሽ ቀንድ ሰፍረው ይጨምራሉ። አረሩን ከላይ ይተክላሉ። በመጨረሻም የቀለሁን ከንፈር በጉጠት ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረጉ በአረሩ ላይ ያጠብቁታል። በዚህ ሰዓት ማናገር አይቻልም። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና የማናግራቸው ሁሌ በዚህ ሰዓት ነው።

ያኔ ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ለእኔ ከንቱ ጥንቃቄ ትመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ትልቅ ትርጉም እንዳላት ተረዳሁ። ጥቁር ባሩድም ሆነ ጭስ አልባው ባሩድ በደንብ ተቃጥሎ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው አረሩ በቦታው ሲጠብቀው ነው። አረሩ ከላላ በበቅሎ ጭነት ላይ ሲንገጫገጭ ይወልቃል፣ ባሩዱም ይፈስሳል። በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይማ ነገሩ የባሰ ነው። አንዱ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይደነግጣል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት የቀሩት ጥይቶች ቀለሃቸው አብሮ ወደ ኋላ ሲሄድ አረሩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። እየተጎተተ ይወጣና ከማጉረሻው አልፎ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ማጉረሻው መሽከርከር ያቅተዋል፤ ሽጉጡም በሰውየው እጅ ላይ ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የቀለሁን አፍ ማጥበቂያው መንገድ እንደ መሣሪያው ይመረጣል። አንደኛው መንገድ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ አረሩ ላይ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ለስድስት ጎራሽ የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ሳይጠቀልሉ አፉን ዙሪያውን እኩል ማጥበብ ነው። አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ ጥይቱ ተደግፎ የሚቆመው በቀለሁ ከንፈር ስለሆነ ከንፈሩ ከተጠቀለለ መደገፊያ ያጣል፤ ስለዚህም ለእሱ ሁለተኛው ይሻላል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ቀለሁን ያሳብጠዋል፣ ግፊቱንም ይጨምራል። ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነውና ብዙ አይፈልግም፤ መንገድ የሚያስችለው ቀላል ማጥበቅ ይበቃዋል። አያቴ ይህን ሁሉ ያወቁት በእጃቸው ነው።

ይህ ከንጉሥ ታሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል የምትሉ ትኖራላችሁ። አያቴ ዘንድ ግን ግንኙነቱ ግልጽ ነበር። አንዲቷን ጥይት አጥብቀው በጨረሱ ቁጥር አጼ ተክለ ጊዮርጊስ የተሸነፉት ሰው አጥተው ሳይሆን ጥይት አጥተው ነው ይሉኛል። ጥይቱን ለባላንጣቸው የሰጠው እንግሊዝ ነው፤ እንግሊዝ ባይመጣ ኖሮ ዘውዱ ዋግ ይቀር ነበር ይላሉ። እዚህ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ እኔም ከዚህ ሌላ አላውቅም ነበር።

አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ከመንገሣቸው በፊት ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን ይባሉ ነበር። ዋግሹም የዋግ ገዢ የማዕረግ ስም ነው። የዋግሹሞቹ ዘር ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚመዘዝ ይነገራል፤ በዚህም የተነሳ በነገሥታቱ አደባባይ ከሌላው መኳንንት የተለየ ክብር ነበራቸው። መቀመጫቸው ሰቆጣ ስትሆን ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር የሚያልፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ የሚታዩት የደረቁ አስከሬኖች የጥንት ዋግሹሞች እንደሆኑ ይታመናል። ጎበዜ እንግዲህ የተወለዱት ከዚህ ቤት ነው። በእናታቸው በኩል ደግሞ ከሰሎሞናዊው ዘር እንወለዳለን ይሉ ነበር።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው የአባታቸው ሞት ነው። ዋግሹም ገብረ መድኅን በአጼ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ሞቱ። ጎበዜም በ1850ዎቹ አጋማሽ ሸፍተው ዋግንና ላስታን ያዙ። የቴዎድሮስ ኃይል እየሳሳ ሲሄድ የእሳቸው እየሰፋ መጣ። በ1859 እና በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ተገፍተው ሲሄዱ ከሰሜኑ ኃያላን መካከል ሠራዊቱ የበዛው የጎበዜ ነበር።

ታዲያ በዚህ ሰዓት ነው ጄኔራል ናፒየር የመጣው። በቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት 13,000 ያህል ተዋጊ ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወረደ። የሄደበት መንገድ በትግራይ አድርጎ፣ ሐሸንጌን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ወድላንና ደላንታን አቋርጦ መቅደላ የሚያደርስ ነው። በሌላ አነጋገር የመንገዱ የመጀመሪያው ክፍል በካሳ ምርጫ፣ ቀጣዩ ክፍል ደግሞ በጎበዜ ተጽዕኖ ሥር ባለ አገር ያልፋል። ይህን ነጥብ አደራ እንዳትረሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ለናፒየር መንገድ ከለቀቁ በኋላ ያደረጉት ግን ይለያያል። ካሳ የካቲት 18 ቀን 1860 ዓ.ም. ማይ ድሓር በተባለ ቦታ ራሳቸው ከናፒየር ጋር ተገናኙ፤ ለሠራዊቱም እህልና ከብት እንዲሸጥለት አደረጉ። ጎበዜ ግን በሰው በኩል ተላላኩ እንጂ ራሳቸው አልተገኙም፤ ሐሳባቸው ከአገር ውስጥ ተቀናቃኞቻቸው ጋር በሚያደርጉት ጦርነት ላይ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ እንግሊዞቹ ስናድር የሚባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ተጠቀሙ። ከኢትዮጵያውያን በኩል 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ብቻ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ናፒየርም የቴዎድሮስን መድፎች ሰባብሮ፣ መቅደላን አቃጥሎ ተመለሰ። ከመውጣቱ በፊት ለካሳ 12 መድፍ፣ ማለትም 6 ሃውትዘርና 6 ሞርታር፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃ፣ ባሩድና የጠመንጃ ቆብ ሰጣቸው።

ጎበዜ በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ስለ ንግሥናቸው ብዙ አይጻፍም፤ ሆኖም ክፉ ንጉሥ ነበሩ ማለት አይቻልም። በቴዎድሮስ ጊዜ የተዘረፉትንና የተቃጠሉትን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ማሳደስ ጀመሩ። ለአዳል ተሰማ ጎጃምን ሰጥተው እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ዳሩላቸው። እሳቸው ራሳቸው ያገቡት የካሳ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን ነበር። የጎደላቸው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጳጳስ ነው፤ አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ መቅደላ ላይ እስረኛ ሆነው ስለሞቱ ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ካሳ ግን ወደ ግብፅ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ሁለተኛው የጎደላቸው ጥይት ነው።

በዚያ ዘመን ጥይት ማለት ምን ማለት እንደነበር ካልተረዳን ቀሪውን ታሪክ መረዳት ያስቸግራል። የአገራችን ነፍጥ ብዙው በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በግምት ያፈስሳል፣ ጨርቅ ወይም ሌላ ነገር ይወትፋል፣ አረሩን ይጨምራል፣ በዘንግ ይጎስማል። እርሳስ ሲጠፋ አረሩ ብረት ይሆናል። አረሩ ቶሎ እንዲገባ ከአፈሙዙ ስፋት ስለሚያንስ ውታፉ ከላላ ጠመንጃው ሲዘቀዘቅ ከባሩዱ ይርቃል። ያን ጊዜ ምቱ ይደክማል፤ ከባሰም አፈሙዙ ይፈነዳል። የአያቴ ጉጠት የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሚሠራው ያ ውታፍ ነበር ማለት ነው። በዘመኑ የነበረው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም ቢሆን ብዙው ቀለህ አልነበረውም፤ የእርሳሱ አረር ከማጉረሻው ቀዳዳ ትንሽ ይበልጥና ሲጫን ዙሪያው እየተላጠ ይገባል፤ ጥብቅነቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

የአውሮፓ ወታደር ግን የሚጎርሰው የወረቀት ጥይት ነበር። ባሩዱ አስቀድሞ ተለክቶ ከአረሩ ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ይታደላል። ግምት የለም፤ የመጀመሪያውና መቶኛው ተኩስ አንድ ዓይነት ነው። የሰለጠነ ሰው በዚህ ዘዴ በደቂቃ እስከ 3 ጊዜ ይተኩሳል። ስናድር ከሆነ ደግሞ ወደ 10 ጊዜ ይደርሳል። የማቀጣጠያው ጉዳይም አለ። በክር እሳት የሚተኮስ ነፍጥ በዝናብ ከንቱ ነው። የመዳብ ቆብ ግን ውስጧ በምት የሚነድ ቅመም ስላለባት እርጥበትን ትችላለች። ባሩድን አገር ውስጥ መሥራት ይቻል ነበር፤ ድኝ ከአፋር ይመጣል፣ ከሰል በየቦታው አለ፣ ጨው መሰሉ ዋና ቅመምም ከአፈር ይጣራል። የመዳብ ቆብን ግን በሰቆጣም ሆነ በጎንደር መሥራት አይቻልም። የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ የባሕሩ በር ምጽዋ ነው፤ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በካሳ እጅ ነው።

ካሳ የተሰጣቸውን መሣሪያ ግምጃ ቤት ከተው አላስቀመጡትም። ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ የነበረውን ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወታደሮቻቸውን በአውሮፓ ሥርዓት እንዲያሰለጥን አደረጉ። ሥልጠና ስንል ሰልፍ ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ባሩድ ማፍሰስን፣ መጎሰምን፣ ቆብ መግጠምንና መተኮስን ሁሉም ሰው በአንድ ትእዛዝ እኩል እንዲሠራው ማድረግ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ጊዜም ነበራቸው።

አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ሰኔ 1863 ዓ.ም. ትግራይ ገቡ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር የእሳቸው ሠራዊት 60,000፣ የካሳ 12,000 ይላል። ቁጥሩ ተጋኖ ቢሆን እንኳ የንጉሡ ጦር በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ጥርጥር የለውም። የመጀመሪያው ግጥሚያ በዚያው በሰኔ ሲደረግ ዋናው ጦርነት ሐምሌ 5 ቀን ዓድዋ አጠገብ አሰም ወንዝ ላይ ሆነ። የካሳ መድፍና ጠመንጃ ያን ትልቅ ጦር በተነው። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። ከዚያም ዓይናቸው ጠፋና ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ተምቤን ውስጥ እንዳ አባ ሰላማ ታሰሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም እዚያው ሞቱ። ካሳ ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ ተቀብተው ነገሡ። ያሸነፉትም ያሳወሩትም የእኅታቸውን ባል ነው።

እንግዲህ ወደ አያቴ ምክንያት ልመለስ። ጥይት ነው ያሸነፋቸው ማለታቸው ትክክል ነው። እንግሊዝ ባይመጣ ኖሮ ማለታቸው ግን ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከላይ አደራ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የናፒየር ጦር የጎበዜንም አገር አቋርጧል። እህል የሚሸጥለት፣ መንገድ የሚጠብቅለት ሰው ከእሳቸውም በኩል ይፈልግ ነበር። ካሳ ይህን ወደ መድፍ ለወጡት። ጎበዜ አልለወጡትም። ሥራው የነበረውን ታላቅ ሠራዊት የበለጠ ማብዛት መስሏቸዋል። እንዲያው ስጦታውን ብንተወው እንኳ ከመቅደላ እስከ አሰም ሦስት ዓመት አለ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካሳ ያላቸውን መሣሪያ የሚተኩስ ሰው ሲያዘጋጁ ንጉሡ የያዙትን ጠመንጃ በዚያ ደረጃ አላደራጁትም። በመጨረሻም የዘመቱት በሰኔና በሐምሌ፣ ባሩድ በሚርስበት ወር፣ ቆብና የተለካ ጥይት ባለው ጠላት ላይ ነው። ይህን የመረጠላቸው እንግሊዝ አይደለም።

በሌላ በኩል ነገሩን ለእሳቸውም ማሰብ ይገባል። አባታቸው የተሰቀለባቸው ሰው ተነስቶ ያን ሁሉ አገር በጦርና በጋሻ ይዟል። እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ ያየው ሁሉ የሚነግረው ሰው የበዛለት እንደሚያሸንፍ ነው። እሮጌ ላይ የሆነውን በዓይኑ አላየም፤ ካሳ ግን ያንን ጦር ከነመሣሪያው ማይ ድሓር ላይ ቆመው አይተውታል። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንደኛው ሰው አዲሱን መሣሪያ አይቶ ተዘጋጀበት፣ ሌላኛው በወሬ ሰማው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩ። ከዚያ እንደ መቆጣት ብለው የራሳችንን ንጉሥ ጥፋተኛ ለማድረግ ነው ወይ ኮሌጅ የላክንህ አሉኝ። ደነገጥኩ። ጥፋተኛ ማድረግ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም በሌላ ሰው ስጦታ ብቻ ተሸነፉ ስንል እንደ ንጉሥ የወሰኑትን ውሳኔ እንደምንነሳቸው ለማስረዳት ሞከርኩ። የሚመርጥ ሰው ነበሩ ካልን ተሳስተው እንደመረጡም መቀበል አለብን አልኳቸው። አያቴ አልተስማሙም። ሆኖም ማታ እራት ከበላን በኋላ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ንጉሡ ያኔ ስንት ቆብ እንደነበራቸው ተጽፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያች ሰዓት በፊት ስለ ሰው ብዛት እንጂ ስለ ቆብ ብዛት ጠይቀውኝ አያውቁም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የአጼ ተክለ ጊዮርጊስ ሕይወት በመማሪያ መጻሕፍት በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል ሁለት መስመር ብቻ ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ይገባዋል። እኛ ተማሪዎችም ስለ አንድ ጦርነት ስንጽፍ የሠራዊቱን ቁጥር ገልብጠን ከማለፍ ይልቅ ባሩዱ ከየት መጣ፣ ማን ለካው፣ አረሩ በምን ጠበቀ፣ በየትኛው ወር ተተኮሰ ብለን ብንጠይቅ ብዙ የተዳፈነ ነገር የምናገኝ ይመስለኛል። ይህን ያስተማሩኝ ሳያውቁት አያቴ ናቸው፤ ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤላቸው እሄዳለሁ። እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ።